ሰይድን ያሰጠምኩበት ድርሰት

ልጄ ትናንት ከትምህርት ቤት መጥታ የአማርኛ ደብተሯን ጉልበቴ ላይ ዘረጋችልኝ። ገጸባሕርይ፣ መቼት፣ ግጭት፣ ጡዘት፣ መቋጫ የሚሉትን ቃላት በቀይ እስክሪብቶ አስምራባቸዋለች፤ እኔም ገና የመጀመሪያውን ሳነብ የአዲስ ደብተር ሽታ አፍንጫዬን ይዞ ወደ ቆቦ፣ ጥንቅሽ እየላጥን ከንፈራችን እስኪደማ ወደምናኝክበት የማሽላ አጨዳ ወር መለሰኝ። «አስረጅኝ» ስትለኝ ራሴን አሞኛል ብዬ ሸሸኋት። ዋሽቻለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የአማርኛ መምህራችን ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ የቆቦን ሙቀት ሊለምዱት ያልቻሉ ሰው ነበሩ፤ በአንድ እጃቸው ጠመኔ፣ በሌላው መሐረብ ይዘው አንዴ ሰሌዳውን አንዴ ግንባራቸውን ሲጠርጉ፣ አንዳንዴም ሁለቱ ተምታቶባቸው ግንባራቸው ነጭ ሆኖ ሲወጡ ትዝ ይለኛል። ልቦለድ ከሕይወት ይቀዳል፣ ስም ቀይራችሁ የምታውቁትን ሰው ጻፉ አሉን። የተዋጣለት ድርሰት በዕረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ይነበባል፤ የሚኒ ሚዲያችን ድምፅ ማጉያ ደግሞ ከግቢው አልፎ ለሰፈሩ ሁሉ ስለሚዳረስ፣ ማን አርፍዶ እንደተቀጣ እናቶቻችን ገና ቤት ሳንደርስ ሰምተው ይጠብቁን ነበር።

እኔ የመረጥኩት የአጥር ጎረቤታችንን እትዬ ዘሀራን ነው። ልጃቸው ሰይድ በአፋር በረሃ አድርጎ ሳውዲ ከገባ በኋላ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ልኮላቸው ነበር። እሳቸውም በየጊዜው «አዲስ ካሴት መጣ» እያሉ የሰፈሩን ሴቶች ጠርተው ቴፑ ዙሪያ ያስቀምጧቸዋል፣ ሴቶቹም ቆሎ እየቆረጠሙ ግማሾቹ «ተመስገን»፣ ግማሾቹ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። እኔ ግን ጆሮዬ ክፉ ነው። ሰይድ «ደህና ነኝ እማ» ካለ በኋላ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ሦስቴ እንደሚያስል፣ ከኋላው ሁልጊዜ አንድ መኪና ክላክስ እንደሚያደርግ ደረስኩበት። ካሴቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ይህን በማወቄ ኮራሁ።

ጻፍኩት። እናትየውን ፋጡማ፣ ልጁን አሊ ብዬ መቼቱን ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ሮቢት ሳዛውር ማንም የማያውቃቸው መሰለኝ። ግጭቱም ጡዘቱም አማረልኝ፣ መቋጫው ግን አስቸገረኝ፤ ልጁን በሰላም ላምጣው ብል ቀለለብኝ። ስለዚህ ወደ አገሩ ሲመለስ ጀልባውን ገለበጥኩበትና ባሕሩ ውስጥ አሰጠምኩት። ስጽፈው አልቅሻለሁ፤ በማልቀሴም፣ አላህ ያውቃል፣ ደስ ብሎኛል።

ከአሥር አሥር አገኘሁ፣ ድርሰቴም በማጉያው ተነበበ። ቤት ስደርስ እትዬ ዘሀራ ደጃችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ይጮሁብኛል ስል እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እስቲ ንገሪኝ የኔ ዓለም፣ ጀልባውን ያየው ማነው? ማን ነገረሽ?»

«ልቦለድ ነው እትዬ፤ ከራሴ ነው ያመጣሁት» አልኳቸው።

«ከራስሽማ እንዴት ትገድይዋለሽ? አዝሎ ያሳደገሽን? ወላሂ ሰምተሽ ነው!»

እውነታቸውን ነው፤ ሰይድ በልጅነቴ ጀርባው ላይ አዝሎኝ ገበያ ለገበያ ዞሯል። ገጸባሕርይ ማለት ምን እንደሆነ ለመምህሬ በቃሌ ያነበነብኩ ልጅ ለእሳቸው ማስረዳት አቃተኝ።

እናቴ አልመታችኝም፤ በመታችኝ ይሻለኝ ነበር። «ካሴቱ አንድ መሆኑን እኛ ያላወቅን መስሎሽ ነው?» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ከመጀመሪያው ያውቁ ኖሯል፤ እያወቁ እየተጠሩ ሄደዋል፣ እየሰሙ አመስግነዋል፣ ቆሎ እየቆረጠሙ የጎረቤታቸውን ገመና ሸፍነዋል። እኔ ብቻ ነኝ ማወቄን ለዓለም ያወጅኩት። እትዬ ዘሀራ በማግስቱ ሐዘን ተቀመጡ፤ ሴቶቹ መጡ፣ ግን ነፍስ ይማር ለማለት ምላሳቸው እምቢ አለ፣ ይመጣል ለማለትም ዐይናቸውን ማየት አፈሩ። ቴፑ ከዚያ ወዲያ አልተከፈተም፣ ሴቶቹም እዚያ ቤት ለመሰብሰብ ምክንያት አጡ፤ ያ ሁሉ ሳቅና ጨዋታ የነበረበት ደጅ ጭር አለ።

ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ እትዬ ዘሀራ ወዳረፉበት፣ ጎብዬ ከተማ እህታቸው ቤት ድረስ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አንስተው ሳሙኝ።

«አውፍ ብዬሻለሁ ልጄ። አንቺ ባትነግሪኝ እስከ ዛሬ እጠብቀው ነበር። አላህ ይስጥሽ» አሉኝ።

ሰይድ ይሙት ይኑር ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም።