የደሴቲቱ እንፋሎት

ይህን ለእናቴም ነግሬያት አላውቅም፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል። ልጅ ሳለሁ አሜሪካ፣ ኦክላንድ በምንኖርበት ሕንፃ፣ ምድር ቤቱ ላይ፣ አባባ ሳልህ የሚባሉ የአሰብ ሰው ነበሩ። ቀን ቀን መኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። እናቴ ጎረቤት ከተማ ኤመሪቪል ለማታው ሺፍት ስትሄድ እሳቸው ጋ ትተወኝ ነበር። ያኔ ጓሮ ባለችው ዝገታም ባርቤኪው ላይ ዓሣ ይጠብሱልኝና፣ ዓሣው አልቆ ፍሙ አመድ መልበስ ሲጀምር፣ ጭሱ ሹራቤ ውስጥ እየገባ፣ ስለ ደሴቲቱ ያወሩኛል።

ደሴቲቱ ከአሰብ ማዶ ያለች፣ ዛፍ የሌላት ጥቁር ተራራ ናት። ተራራው ድሮ እሳት የተፋ፣ አሁን የተኛ ነው። አባባ ሳልህ ዓሣ አጥማጅ ሳሉ፣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጃቸውን ኢድሪስን፣ የሚደርቀውን ዓሣ እንዲጠብቅ እዚያ ትተውት ውሃ ሊቀዱ ወደ አሰብ ተሻገሩ። በማግስቱ ወደቡ ላይ ጦርነት ሆነ። ጀልባቸው ተወሰደች፤ እሳቸውም ከሚሸሹት ጋር በመርከብ ተጭነው ወጡ። ልጃቸውን ከዚያ ወዲያ አላዩትም።

ለእኔ ግን እንደ ሐዘን አይነግሩኝም ነበር። በተረታቸው ኢድሪስ በሕይወት ይኖራል። ከተራራው ስንጥቅ እንፋሎት ይወጣል፤ ኢድሪስ፣ አፋሮች በረሃ ላይ እንደሚያደርጉት፣ ስንጥቁ ላይ ድንጋይ ይከምራል፤ እንፋሎቱ ድንጋዩን ሲነካ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላል፤ ኢድሪስም ይጠጣል። እንዳምናቸው ፍሙ ላይ ጠጠር ከምረው፣ ከኩባያቸው ትንሽ ውሃ ያፈሱበትና የድስት ክዳን ይደፉበታል። ከዚያ ክዳኑን ገልብጠው ላሺው ይሉኛል። እልስ ነበር፤ ጭስ ጭስ ይላል። አንድ ምሽት፣ ተራራው ቢቀዘቅዝስ ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኋቸው።

«ተራራ እንደ ሻይ አይቀዘቅዝም፣ አንቺ ፈረንጅ» አሉና ሳቁብኝ።

እናቴ ነርስ እንድሆን ትፈልግ ነበር፤ እኔ ጂኦሎጂ ተማርኩ። ምክንያቱ ኢድሪስ ነበር። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስለዚያች ደሴት የተጻፈ ጥናት አገኘሁ። ከሥር ባሕር ውስጥ የፈነዳ ቢጫ አመድ አለ፣ ከላዩ ቀልጦ የረጋ ጥቁር ላቫ። የላቫው ስለት በነፋስና በጨው ተበልቶ ደንዝዟል፤ የእሳተ ገሞራው አፍ በአሸዋ ተሞልቷል። ሙቀት በሚለካው የሳተላይት ምስል ተራራው እንደ ማንኛውም ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው። እንፋሎቱ ያለው ማዶ፣ የብሱ ላይ ነው፤ ደሴቲቱ ላይ ግን፣ ሰው በዚያ ባሕር መጓዝ ከጀመረ ወዲህ፣ እንፋሎት የነበረ አይመስልም። ዝናብ ቢጥልም ዓለቱ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ስለሆነ ወደ ታች ያሰርገዋል። እንፋሎት ከነበረ አባባ ሳልህ ውሃ ፍለጋ ለምን ተሻገሩ? ይህን በልጅነቴ አልጠየቅሁም። ከዚያም በኋላ አልጠየቅሁም፤ ያወቅሁትን ውጬ፣ ሲያወሩ እንደ ድሮዬ አዳምጣቸው ነበር።

አሁን አባባ ሳልህ ሳን ሆዜ፣ የእህታቸው ልጅ ቤት ተኝተዋል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የሚያደርጉላቸው ነገር የለም። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ከተማርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስለ ሥራዬ አነሱ።

«አንቺ ድንጋይ ተምረሻል። ያ ተራራ አሁንም ይተነፍሳል?»

እጆቼን አየሁ። «ይተነፍሳል፣ አባባ።»



«እኔስ አንድም ቀን ሲተነፍስ አላየሁትም፣ ልጄ» አሉ።

ከዚያ እጄን ያዙና፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ አሉኝ። ስለ ድንጋዩ ክምር፣ ስለ ጠብታው፣ ስለ ኢድሪስ ነገርኳቸው፤ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ፣ ሁለታችንም ምንም ሳናምን።

ከእነዚያ ምሽቶች የቀረኝ የዚያች ጠብታ ጣዕም ነው። ያኔ ከድንጋዩ የመጣች ይመስለኝ ነበር። ውሃውን ግን፣ ዓይኔ እያየ፣ ያፈሰሱት እሳቸው ነበሩ።