ጣቱ ወጥቷል

«ቁራሽ» ብሎ ስም ያወጣለት አጎቱ ነው። ልጁ ቁመቱ ከአጎቱ ሚኒባስ መስኮት እምብዛም አያልፍም፤ ድምፁ ግን ሦስት ሰፈር አዳርሶ ይመለሳል። አጎት መሪ ይዞ፣ ቁራሽ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዝናቡንም ሐሩሩንም አብረው በሉት። ታዲያ አንድ ቀን ቁራሽ ከበሩ ወረደ። ወርዶ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክራቫት አንገቱ ላይ አጥብቆ፣ ደረቱ ላይ «ሽማግሌ» የሚል ጥቁር ባጅ ለጥፎ ብቅ አለ። የሞርሞን ሚስዮናዊ ሆኗል።

አጎቱ ባጁን አየ። ከባጁ ቀና ብሎ የልጁን አገጭ አየ። እንደ እንቁላል ልስልስ ያለ ነው።

«ሽማግሌ? አንተ? እኔ ጸጉሬ ሸብቶ እንኳ እስካሁን ‹ስማ አንተ ሹፌር› ነው የሚሉኝ!»

«ማዕረግ ነው አጎቴ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንባለው።»

«ሁላችሁም ሽማግሌ ከሆናችሁ፣ የሚጣላው ማነው ታዲያ?»

ቁራሽ መልስ አላጣም፤ ግን ሻንጣው ተዘጋጅቷል። ቤተክርስቲያናቸው ልጆቿን ከቤታቸው አርቃ ነው የምትልከው። ዘመድ እንዳያባብላቸው ይሆናል። ቁራሽንም ሩቅ ከተማ ላከችው። ምን ዋጋ አለው፣ ያ ከተማ የአጎቱ መስመር መጨረሻ ሆኖ ተገኘ! ሚኒባሱ ጠዋት ጠዋት በተከራዩት ቤት በር ላይ ሲያልፍ ጥሩንባውን ያንባርቀዋል። ሰፈሩ በዶሮ መንቃቱን ትቶ በቁራሽ አጎት ይነቃ ጀመር።

ደንባቸው ሁለት ሁለት ሆኖ መሄድ ነው። መጸዳጃ ቤት ካልሆነ በቀር አይለያዩም። ለቁራሽ የደረሰው ጓደኛ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በየበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ልጅ ነው፤ ሰፈሩ «ምሰሶ» አለው። ምሰሶ አማርኛውን ከመጽሐፍ ነው የለመደው፤ አክብሮት ብቻ ነው የሚያውቀው። የግቢው ውሻ ሲጮህበት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እባክዎ ይለፉ» ይለዋል። ውሻውም ግራ ገብቶት ያልፋል።

ሁለቱ ከተማውን በእግራቸው ጨረሱት። ቁራሽ ያስተማረው ሰው ብዛት አንድ አውቶቡስ ይሞላል። የጥምቀቱ ውሃ ጋ የደረሰ ግን የለም። ፀጉር አስተካካዩ «አሜን፣ አሜን» ሲል ከርሞ፣ በእምነታቸው ሻይም እንደማይጠጣ ሲሰማ ምላጩን አስቀምጦ፣ «ወንድሜ፣ ኃጢአቱን እተዋለሁ፣ ሻዩን ግን ተወኝ» አለ። የባንኩ ዘበኛ ከምሰሶ ጋር እንግሊዝኛ ተለማምዶ ሲያበቃ «ባይ ባይ» ብሎ ሄደ። አንዷ ወይዘሮ ደግሞ ሰምታ ሰምታ፣ ቁራሽን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ «አንተ ነህ የምትነክረኝ? ማን ማንን ሊያወጣ ነው?» አለችው።

እሷ ቀልዳ ነው የሄደችው። ቁራሽ ግን ውስጡ ገባ።

እንዲህ እያለ ነው ጎሚስታው ጋ የደረሱት። ጎሚስታው መነኻሪያው አጠገብ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጎማ የሚለጥፍ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው። ድሮ ክሪኩ ከድቶት መኪና ወድቆበት፣ ቀኝ ጉልበቱ እንደ በር መቀርቀሪያ ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ሲቀመጥ ያ እግር መንገዱን ይዘጋል። አላፊ አግዳሚው እየዘለለው ይሄዳል።

«ትምህርቱን እሰማለሁ፤ ግን እጅ አጣጥፎ የሚያወራ ሰው አልወድም። እያወራችሁ ሥሩ!» አላቸው።

ሠሩ። ምሰሶ ፓምፑን ይረግጣል፣ ቁራሽ ደግሞ ጎማው ከቸርኬው እንዲላቀቅ ጫፉ ላይ ቆሞ እየተወዛወዘ ስለ ንስሐ ያስተምራል። የቁራሽ ክብደት ለብቻው ስለማይበቃ ንስሐው ላይ ሲደርስ ይዘላል። ጎሚስታው ሲጋራውን የተወውም እዚያው ነው። ሲጋራ ይሰካበት በነበረው ጆሮው ላይ ቀዳዳ ምልክት የሚያደርግበትን ጠመኔ ሰካ። አንዳንዴ ተዘናግቶ ጠመኔውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ክብሪት ይፈልጋል። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ለጥምቀቱ ፈቃዷን ሊጠይቁ የሄዱ ቀንም፣

«ሲጋራውን ካስጣላችሁልኝ፣ እንኳን ውሃ እሳት ውስጥ ክተቱት!» አለቻቸው።

«አንተስ ጋሼ፣ ለምን ፈለጉት?» ብሎ ቁራሽ ሲጠይቀው፣ አንተና እርስዎ ተደበላልቆበት፣ ጎሚስታው የውስጥ ጎማውን፣ ቀዳዳ ፍለጋ፣ በውሃ በርሜሉ ውስጥ እያዞረ ቆየ።

«ዕድሜዬን የሰው ቀዳዳ ስፈልግ ኖርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «የኔን የጠየቀኝ የለም። እናንተ ጠየቃችሁኝ።»

የአጎትየው ጎማ የተነፈሰውም በዚያው ሰሞን ነው። መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ቁራሽ ስለ ጥምቀቱ ሲያስረዳ ይሰማል። ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር መግባት አለበት፤ ሁለት ምስክሮች ቆመው ያያሉ፤ አንዲት ጣት፣ የልብሱ ጫፍ እንኳ ውጭ ከቀረ አይቆጠርም፣ እንደገና ነው።

አጎት ሳቁ አፈነው። «ኧረ በፈጣሪ! ይሄ ሰውዬ እኮ ውሃውን ሁሉ ከገንዳው ነው የሚያስወጣው! ደግሞ በጣት ትጣላላችሁ?»

ጎሚስታው አልሳቀም። የአጎትየውን የውስጥ ጎማ ከበርሜሉ አወጣ። «ይቺን ጎማ ዙሪያዋን ነክሬ፣ አንድ ጋት ቦታ ሳላይ ብመልስልህስ?»

«ምን ማለትህ ነው፣ የተበሳውስ እዚያ ጋ ቢሆን?»

«እኮ!» አለና ጠመኔውን ጆሮው ላይ መለሰው።

አጎት ተናደደ። ሲናደድ ደግሞ ሕዝብ ይፈልጋል፤ ቆሞ ለመነኻሪያው ሁሉ ተናገረ። «ስሙኝ! ይሄ ቁራሽ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ በወጉ አጥምቆ ካሳየኝ፣ በዚህ ነገር ሁለተኛ አፌን አልከፍትም! ካላሳየኝ ግን ያቺን ክራቫት ፈትቶ በሩ ላይ ይመለሳል። ወንድ ከሆንክ እሺ በል!»

ቁራሽ ጎማው ላይ እንደቆመ፣ «እሺ!» አለ። ምሰሶ አልሰማም፤ መንገድ ላይ አህያ ይቅርታ እየጠየቀ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ጸሎት ቤታቸው የኪራይ ቪላ ነው፤ ገንዳው ጓሮ ነው፣ በሲሚንቶ የተሠራ፣ ውሃው ሌሊቱን ሲንጠባጠብ አድሮ የሞላ። ጎሚስታው ነጭ ቱታ ለበሰ። ከተማው ውስጥ ካለው ትልቁ ነው፤ እሱም ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሳይደርስ አለቀ። አጎት ሦስት ሹፌሮች አስከትሎ አጥሩ ሥር ቆመ። ምስክሮቹ ምሰሶና አንዲት መነጽር ያደረገች የጸሎት ቤቱ አባል፣ ፋርማሲስት ናቸው፤ አንዱ ከዚህ አንዷ ከዚያ ወገን።

ቁራሽ ገባ፤ ሌላው ሰው ወገቡ የሚደርሰው ውሃ እሱን ደረቱ ላይ ያዘው። ጎሚስታው ሲገባ ደግሞ አገጩን ነካው። ሹፌሮቹ ተንጫጩ።

ቁራሽ ቀኝ እጁን አነሳ፣ የጥምቀቱን ቃል ሳያዛባ አለ፣ ጎሚስታውን ወደ ኋላ አስተኛው። ራስ ገባ፣ ሆድ ገባ፣ ያ የማይታጠፍ እግር ግን እንደ ኬላ እንጨት ቀጥ ብሎ ተነሳ።

«ወጥቷል» አለች ፋርማሲስቷ።

«እግርዎ ወጥተዋል» አለ ምሰሶ።

እንደገና። አሁን ቁራሽ ደረቱን ሲጫን እግሩ ይነሳል፣ እግሩን ሲያይ ሆዱ ይንሳፈፋል። «ወጥቷል!» አሉ ሹፌሮቹ፣ ምስክር ሳይጠብቁ፣ በአንድ ድምፅ።

ምሰሶ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። «እኔ ላጥምቅዎ? እኔ ትልቅ ነዎት።»

ጎሚስታው ውሃውን ካፍንጫው እየጠረገ፣ «ቁጭ በል አንተ! ያስተማረኝ እሱ ነው፣ የሚነክረኝም እሱ ነው» አለ።

«በቃ ቁራሽ!» አለ አጎት። «ውሃ አትጨርስ። በሩ ተከፍቶ ይጠብቅሃል!»

«ውሃው የኛ ነው» አለ ቁራሽ። እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበ።

ሦስተኛው ላይ ያለውን ጉልበት ሁሉ ጨመረ። ሰውዬው ሲወርድ ውሃው ፈንድቶ ገንዳውን አልፎ ተረጨ። ፋርማሲስቷ መነጽሯን ልትጠርግ አጎነበሰች። ምሰሶ ዓይኑን ያሻል። ጎሚስታው ብቅ ሲል «ወጥቷል» ያለ የለም። ሚስቱ እልል ልትል አፏን ከፈተች። የአጎትየው ፊት እንደ ተነፈሰ ጎማ ወረደ።

አለቀ ማለት ነው። ቁራሽ ዝም ካለ አለቀ። ሁለት ዓመት የተሳቀበት፣ ያ ሁሉ ጥሩንባ፣ ሁሉም እዚች ላይ አበቃ። ግን አይቷል። ውሃው ሲዘጋ፣ ጎማ ያጠቆረው የዚያው እግር አውራ ጣት ጥፍር ብቅ ብሎ ጠለቀ። ማንም አላየም። እሱ አየ።

«ጣቱ ወጥቷል» አለ።

«ማን አየ?» አለች ፋርማሲስቷ ደንግጣ።

«እኔ።»

አጎት አጥሩን ለቆ ገንዳው ድረስ መጣ። ለምን እንደተናደደ ለራሱም አልገባውም። «አንተ ጅል! ዝም ብትል ምን ነበረበት? አሸንፈኸኝ እኮ ነበር!»

ቁራሽ ከውሃው ውስጥ ቀና ብሎ አየው። «በርህ ላይ ያ ሁሉ ዓመት ቆሜ፣ የሰው እግር ውጭ ቀርቶ ‹ሂድ› ብዬህ አውቃለሁ?»

አጎት ከገንዳው ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ብሎ አያውቅማ።

ጎሚስታው እያዳመጠ ነበር። ዞር ብሎ የራሱን እግር አየ፣ የሆነ ጎማ እንደሚመረምር። «አንተ ልጅ፣ ጎማ ስፈታ የት ነበር የምትቆመው?»

«ጫፉ ላይ ጋሼ።»

«እና እዚያ ቁምበት!»

«ምን ላይ?»

«እግሬ ላይ ነዋ! ርገጠኝ!»

ቁራሽ በሐፍረት ቀላ። «ጋሼ፣ እንዴት አድርጌ እረግጥዎታለሁ? በሚስትዎ ፊት?»

«ኧረ ርገጠው!» አለች ሚስቱ ከዳር። «እኔ ስንት ጊዜ አምሮኝ ቀርቷል!»

ሹፌሮቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ቁራሽ ግን አልሳቀም። በባዶ እግሩ ውሃው ውስጥ ዳብሶ፣ ያቺን ጥቁር ጥፍር አገኛት። ቀኝ እግሩን ላይዋ አሳረፈ። ክብደቱ አይበቃም፤ ሁሌም በቅቶ አያውቅም። ስለዚህ ቃሉን ብሎ ሲጨርስ፣ ልክ ንስሐው ጋ እንደሚያደርገው፣ ዘለለባት። ረግጦ፣ ይዞ፣ ተንጠላጥሎ ወረደ። ጎሚስታው ወረደ። ሆዱ ወረደ። ቁራሽም ራሱ እስከ ጸጉሩ አብሮ ሰጠመ። ገንዳው ላይ ነጭ አረፋ ብቻ ቀረ።

ምሰሶ በጉልበቱ ተንበርክኮ አፍንጫው ውሃ እስኪነካ አየ። ፋርማሲስቷ መነጽሯን በሁለት እጇ ይዛ አየች። አጎትም፣ ሳይታወቀው፣ አንገቱን አስግጎ አየ።

«ሙሉ ነው!» አለች ፋርማሲስቷ።

«ሙሉ ነዎት!» አለ ምሰሶ።

ሁለቱ እያሳሉ ብቅ አሉ። እልልታው ተለቀቀ። ጎሚስታው ውሃው ከጺሙ እየወረደ፣ የውስጥ ጎማ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው ጆሮውን ደረቱ አቅጣጫ ዘንበል አደረገ። «አይተነፍስም» አለ ለሚስቱ።

ቁራሽ ደግሞ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ አጎቱን ፈለገ። አጎት ሹፌሮቹን ሰብስቦ እየወጣ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጥሩንባ አልተሰማም። ሰፈሩ አረፈደ። ቁራሽና ምሰሶ ሲወጡ ሚኒባሱ በራቸው ላይ ቆሟል፤ ተሳፋሪው ሞልቷል፣ የጎን በሩ ተከፍቷል፣ በር ላይ የሚቆም ረዳት የለም። አጎት መሪውን ይዞ ወደ ፊት ያያል። ቃል ቃል ነው፣ አፉን አልከፈተም። በአገጩ ብቻ ባዶውን በር አሳየው። ቆይቶ ደግሞ አሳየው።

«አየሁት» አለ ቁራሽ። «ሰው ቅጠርበት።»

አጎት ከንፈሩን ነከሰ። ባጁን አየ፣ አገጩን አየ። እጁን ማርሹ ላይ አሳረፈ።

«ኧረ ወንድም፣ ረፈደብን!» አለ አንድ ተሳፋሪ ከኋላ፣ አንድ እግሩን ወደ አስፋልቱ እንዳንጠለጠለ።

«እግርህን አስገባ ወንድሜ» አለው ቁራሽ። ሰውዬው አስገባ። ቁራሽ በሩን ስቦ ዘጋው፣ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ወረወረ፣ የሚኒባሱን ጎን በመዳፉ ሁለቴ ደበደበ። ያ ሦስት ሰፈር የሚያዳርስ ድምፁም ወጣ፦

«ሂድ!»