ያለ አያት የተላሰ ማር

ደባርቅ ተመድቤ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አከራዮቼ፣ እትዬና ጋሼ የምላቸው ባልና ሚስት፣ ልጅ አልወለዱም። ከተከዜ ማዶ፣ በሌላው ክልል፣ የእትዬ የሩቅ ዘመድ ከባሏ ቀጥላ ስትሞት የአሥር ዓመት ልጇን አምጥተው ያሳድጓት ጀመር። በአገሩ ደንብ ጋሼ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው በንስሐ አባታቸው ፊት እንደ ጡት አጠቧት። በቃ፣ ልጃቸው ሆነች።

"በቃ አይደለም" አልኳቸው። ማስረዳት እወዳለሁ። ጉዲፈቻ ውል እንደሚፈልግ፣ ውሉን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ነገ ወገኖቿ መጥተው ሊወስዷት እንደሚችሉ ዘረዘርኩ። እትዬ ደነገጡ።

"እንግዲያው ጻፍልና፣ ጠበቃዬ!"

ጻፍኩ። ዕድሜያቸውን፣ የጋብቻ ማስረጃቸውን፣ የቀበሌውን ደብዳቤ፣ ከማዶ የመጣውን የወላጆቿን የሞት ማስረጃ፣ ሁሉንም በተራ ቁጥር አያያዝኩ። ዳኛዋ አገላብጠው ቀና አሉ።

"አያት አላት?"

"የእናቷ አባት አሉ" አሉ እትዬ።

"ወላጅ ከሌለ ሞግዚቷ እሳቸው ናቸው። ፈቃዳቸው የታል?"

ልጅቷን ሲያመጧት አያትየው አልተቃወሙም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ተማሪዎቼን "ጥያቄውን ሁለቴ አንብቡ" የምል ሰው! ቀጠሮ ተሰጠን። ለአያትየው ደብዳቤ ብንልክ መልስ ጠፋ። በዚያ ሰሞን እትዬ የልጅቷን ጸጉር እየፈቱ እንደገና ይሠሩት ነበር፤ በየቀኑ።

በቀጠሮው ጠዋት የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ከመጣው አውቶቡስ አንድ ሽማግሌ ወረዱ። የወረዳቸው ማኅተም ያረፈበት ወረቀትና በጨርቅ የታሰረ ጣሳ ይዘዋል።

"ልጅ በፖስታ አልሰጥም ብዬ ራሴ መጣሁ" አሉ።

ዳኛዋ ፈቃዳቸውን ከሰሙ በኋላ ልጅቷን ጠየቁ። "አንቺስ የት መኖር ትፈልጊያለሽ?"

ልጅቷ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "አባባ፣ ለበዓል ትመጣለህ?"

"ባይጠሩኝም እመጣለሁ።"

"እንግዲያው እትዬ ጋ።"

ውሉ ጸደቀ። ከፍርድ ቤቱ ግቢ ሳንወጣ ሽማግሌው ጣሳውን ፈቱ። ማር ነበር።

"ያለ እኔ አጠባችኋት" አሉ ጋሼን። "አሁን እኔ እያየሁ ይሁን።"

"ትልቅ ሆኛለሁ እኮ!" አለች ልጅቷ። ግን የጋሼን ጣት ጠባች፤ ነከሰቻቸውም።

"ቲቸር" አሉኝ ጋሼ ጣታቸውን እያራገፉ፣ "ይሄስ ስንተኛ ተራ ቁጥር ላይ ይገባል?"

ሽማግሌው ጣሳውን መልሰው አስረው ለእትዬ ሰጧቸው።

"የተረፈውን አስቀምጪው። ለበዓል ስመጣ ከልጅቷ ጋር እንበላዋለን።"