መጨረሻ የሚወርዱት ሰው

የቀራንዮ አውቶቡስ ሲንገጫገጭ ተሳፋሪው እርስ በርሱ ይላተማል። ባለነጭ ሸሚዙ ሽማግሌ ግን ምንም ሳይጨብጡ፣ እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ ሳሎናቸው ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ። አጠገባቸው የቆመችው ተናኘ፣ የሰፈሯ ሰው ስለሆኑ ቤታቸውን ታውቃለች እንጂ ስማቸውን አታውቅም። የንግድ መርከብ ካፒቴን ነበሩ፣ ኋላም አሰብ ላይ መርከበኞችን ከአደጋ ማምለጥ ያስተምሩ ነበር ሲባል ሰምታለች።

ሁልጊዜ እሷ ሰፈሯ ላይ ተጋፍታ ትወርዳለች። ዛሬ መድኃኔዓለምን ልትሳለም ስለሆነ አልወረደችም፤ እሳቸውም አልወረዱም።

«ጋሼ፣ ቤትዎ አለፈ እኮ!»

«ይኼ ሁሉ ሰው ተሳፍሮ እኔ ልውረድ? ነውር ነው፣ ልጄ።»

መጨረሻው ፌርማታ ላይ አሮጊቶቹን ደግፈው አወረዱ፤ ጎንበስ ብለው በየወንበሩ ሥር አዩ።

«ቅደም» አሉት ሹፌሩን።

«እሺ፣ ጓድ ካፒቴን!» ለምዶታል፤ ሳይከራከር ወረደ።

ከዚያ እሳቸው ወረዱና፣ እያፏጩ፣ ያለፉትን ቤታቸውን ፍለጋ በእግራቸው ተመለሱ።