የሰኞው ወረቀት

እንጅባራ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍሉን የምትጠብቀው ማናለብሽ፣ ወሬ ሳትሰማ ምሳ አይወርድላትም። በ2005 ዓ.ም. ኢንተርኔቱን የሚያጣራ ሶፍትዌር ሲመጣ፣ የሚዘጉትን ቃላት ጻፊ ተባለች። ቁጭ ብላ የሚያሳፍራትን ሁሉ ጻፈች፤ ከአንገት በታች አንድም ነገር አላመለጣት። ከዚያ ወዲያ የተዘጋው የብልግናው ገጽ ብቻ መስሎሻል? የሐኪሞቹ ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ መጽሔት፣ ሁሉም ጥርቅም አለ። የነርስ ተማሪዎች ቢያማርሩ፣ "የምትፈልጉትን እናውቃለን" አለች ከንፈሯን አሞጥሙጣ።

ሶፍትዌሩ የተከለከለ ገጽ የነካውን ሰው ስም፣ ከነቃሉ ከነቁጥሩ፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ራሱ ያትማል። ሰሌዳ ላይ መለጠፉ ግን የማናለብሽ ፈጠራ ነው፤ በየተማሪው ድምፅ እያስመሰለች ታነበዋለች። አንድ ሰኞ ወርቅአየሁ የምትባል የዳንግላ ልጅ ወጣች፦ ጡት፣ አርባ አንድ ጊዜ። ማናለብሽ ያንን ቀጭን ድምፅ አውጥታ "አርባ አንደኛው ላይ ደከመኝ" ስትል ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ልጅቱ ዳግም ክፍሉን አልረገጠችም። ሐምሌ ላይ ሞተች ተባለ። በምን እንደሞተች ወሬኛዋ ማናለብሽ እንኳ አልሰማችም።

ጥቅምት ላይ የማናለብሽ ታላቅ እህት ውቢት ከጥሊሊ መጣች፤ እጇን ይዛ ጡቷን አስነካቻት። እንደ ሽንብራ ድርቅ ያለ ነገር።

"ያምሻል?"

"አያምም። ለሰው ብትነግሪ ግን አልምርሽም።"

"ሐኪም ቤት እንሂዳ።"

"ለማያም ነገር? ድንቼን ማን ሊሸጥልኝ?" ብላ ሄደች።

ማናለብሽ ሐኪሞች የጻፉትን አንብባ ልታሳምናት ቆረጠች። አርብ ከሰዓት፣ ተማሪው ሲወጣ በሩን ዘጋች። በራሷ ስም ብትገባ ሰኞ ወረቀቱ ላይ ልትወጣ ነው። ስለዚህ ማንም በማይጠይቀው ሰው ስም ገባች፦ በወርቅአየሁ። ለልጅቱ የይለፍ ቃሉን የሰጠቻት ራሷ ማናለብሽ ነበረች።

የከለከለችውን ቃል ዘልላ "የማያም እብጠት" ብላ መጻፍ ጀመረች። ሳትጨርሰው የፍለጋ ሳጥኑ ራሱ ሞላላት፤ የድሮ ጥያቄዎች ተደርድረው ወረዱ።

የማያም እብጠት ጡት።

የማያም እብጠት ጡት ማደግ ጀመረ።

የማያም እብጠት ጡት ካልታከመ ስንት ወር።

ክፍሉ ውስጥ ከማሽኖቹ ጉርምርምታ በቀር ድምፅ የለም። ጣቷ የመጨረሻውን ነካው። ቀይ ገጽ ወጣ፦ "ወርቅአየሁ፣ ይህ ገጽ ተከልክሏል። የሞከሩበት ብዛት፦ 42።"

ማናለብሽ ኮምፒውተሩን ሳታጠፋ ወጣች። በባጃጅ መናኸሪያ፣ በሚኒባስ ጥሊሊ። ውቢትን ድንቿ ፊት ቁጭ ብላ አገኘቻት።

"ጽሑፉ ምን ይላል?"

"ተዘግቷል።"

"ታዲያ ምን ልትይኝ መጣሽ?"

"ካንቺ በፊት የጠየቀች ልጅ ነበረች" አለችና፣ በልጅቱ መሳቋን እንኳ ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻት። ውቢት እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ጆንያዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ተነሳች።

ሰኞ ጠዋት ባሕር ዳር ሆስፒታል ውቢት ተጠርታ እንደገባች የማናለብሽ ስልክ ጮኸ። የኮሌጁ ዘበኛ አዝመራው ነው።

"እትዬ ማናለብሽ፣ ወረቀቱ ወጥቷል። ልለጥፈው?"

"ማን ማን አለበት?"

ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። "አንድ ሰው ብቻ። እኔ ግን ቀብሯ ላይ ቆሜ ነበር።"

"ለጥፈው" አለች ማናለብሽ፣ የማንንም ድምፅ ሳታስመስል። "ከስሩ የኔን ስም ጻፍበት።"