የፌርፋክሱ ኸዛር

ዘቢደር በሱዳን በኩል ከደርግ አምልጣ ሎስ አንጀለስ ከገባች ጀምሮ በሰው ኩሽና ሽንኩርት ስትከትፍ ኖራለች። አይሁዳዊው ሽማግሌ ሚስተር ሞሪስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን ዳቦ ቤታቸውን ሊያከራዩት ነው ሲባል፣ ያቺ ቤት ምግብ ቤቴ ካልሆነች ሞቼ እገኛለሁ አለች። ለማርያም ተሳለች። ማርያም ዝም ካለች የሚለመን ሌላ እንዳለም ከእናቷ ሰምታ ታውቃለች፤ ይህኛውን ግን ለቄሱ አትናገርም።

ችግሩ፣ ቤቷን ጋሼ ጉግሳም ይፈልጋታል። ጉግሳ ቀን የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ በቀረው ጊዜ የሰለሞን ዘር ነው። የማንንም ዘር ከባለቤቱ በላይ ያውቃል። ሰሞኑን ስለ ኸዛሮች የሚያወራ መጽሐፍ እጁ ገብቷል። በጥቁር ባሕርና በካስፒያን መካከል መንግሥት ያቆሙ ፈረሰኞች ነበሩ፤ ንጉሣቸው የሦስት ሃይማኖት ሊቃውንት አከራክሮ የአይሁድን መረጠ ይባላል። የአውሮፓ አይሁድ ሁሉ የእነሱ ዘር ነው የሚለውን ወሬ ግን አብዛኞቹ የታሪክ ሰዎች እንደማይቀበሉት የተጻፈው መጨረሻው ላይ ነው። ጉግሳ መጨረሻው ጋ አልደረሰም።

ስለዚህ ትራቭል ኤጀንሲ ልከፍት ነው ብሎ ሄደና፣ ለሚስተር ሞሪስ የአያታቸውን ማንነት አስተምሯቸው ተመለሰ። ዘቢደርን መንገድ ላይ አገኛት።

«ሶ፣ ሽማግሌው ማን መሰሉሽ? ኸዛር ናቸው!»

«ከዛር?» አለች፤ ክው ብላ።

«ዘር ማንዘራቸው!»

«በስመ አብ! ያውቃሉ?»

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ሾክ ነው የሆኑት።»

ዘቢደር ጆሮ የገባው ዛር ነው። ዛር ያለበት ሰው ቤት ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም። ሽቶ ገዛች። ዛር ጥቁር ዶሮ ይወዳል፤ የሱፐርማርኬቱ ዶሮ ላባዋ ስለተነቀለ፣ ጥቁር ነበረች ብላ ወሰደቻት።

ስትደርስ ቤቷን ሊከራይ የመጣ አንድ ጫማ ነጋዴ ስለ ባንክ ክሬዲቱ አውርቶ እየወጣ ነበር። ዘቢደር እጅ ነሳች። ሽቶውንና ዶሮዋን እግራቸው ስር አኖረች።

«ሚስተር ሞሪስ፣ ፕሊስ፣ አይቆጡ። ምን ይወዳሉ? ምን ላድርግልዎ?»

ሽማግሌው ዶሮዋን አዩ፤ እሷን አዩ። ወደ መስኮቱ ዞረው፣

«መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር የባለቤቴ ነበር» አሉ። «እሱ እንዳይነሳ። ጠዋት ጠዋት መጥቼ ሻይ ብጠጣበት...» ወንበሩን ዳበስ አደረጉት። «ያኛው ስለ ባንኩ ነገረኝ። ትናንት የመጣው ስለ አያቴ ነገረኝ። ምን ትፈልጋለህ ያልሽኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ።»

ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖሩት። ዘቢደር ዛሩ እንዳያይባት ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ምግብ ቤቱ ሲከፈት ጉግሳ ናፕኪን ላይ ካርታ ስሎ፣ ኸዛር ሕዝብ እንጂ ዛር እንዳልሆነ አስረዳት። «ኦኬ» አለችና፣ ለማንኛውም ወንበሩ ላይ ሽቶ ረጨት አድርጋ የሽማግሌውን ሻይ አቀረበች።

ጉግሳ የኸዛሩን ንጉሥ ታሪክ ዛሬም ለተመጋቢው ሁሉ ይተርካል፤ ሦስቱን ሰምቶ አንዱን መረጠ ይላል። ሳይመረጡ ከቀሩት አንዱ እሱ ራሱ መሆኑ ጋ ግን ገና አልደረሰም።