ለልምምድ የታመሙት ልብስ ሰፊ

ወይዘሮ መሰለች በወልቂጤ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፉ ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸውን ቤተልሔምን ያሳደጉት በአንዲት የስፌት መኪና ነው። ዕድሜያቸው አርባ ስድስት ነበር፤ ከዚያ አላለፈም።

ባለፈው ጥር አንድ ጤና ጣቢያ ለወረርሽኝ ያለውን ዝግጁነት ለእንግዶች የሚያሳይበት ልምምድ ተካሄደ። ሕመምተኛ የሚሆን ሰው ስላስፈለገ ቀበሌው ወይዘሮ መሰለችን ላከ። በታዘዙት መሠረት እያሳሉ ደጃፉ ላይ ወደቁ። ነጭ የመከላከያ ልብስ የለበሱ አራት ባለሙያዎች በዐሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ ለይቶ ማቆያው አስገቧቸው። ተጨበጨበ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ። ከዚያም ለዕለቱ ብቻ የመጡት ልብሶችና የኦክስጅን መሣሪያው ባመጣቸው መኪና ተመልሰው ሄዱ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ወይዘሮ መሰለች በትኩሳት እየነደዱና እያሳሉ፣ ልጃቸውን ተደግፈው ወደዚያው በር መጡ።

«እትዬ መሰለች!» አለ የጥበቃ ሠራተኛው ይድነቃቸው እየሳቀ። «ዛሬም እንግዳ አለ እንዴ? ለኛ እኮ አልነገሩንም!»

«አሞኛል፣ ልጄ።»

«ኧረ የዛሬው ሳልስ ካለፈውም ይበልጣል!»

«እውነቷን ነው» አለች ቤተልሔም። «ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።»

ይድነቃቸው ደነገጠ፤ በሩንም ከፈተ። ቀልዱ አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ የዚህ ታሪክ ክስም በእሱ ላይ አይደለም። ለይቶ ማቆያው ተቆልፏል። ቁልፉን የያዙት ኃላፊ ስለ ወረርሽኝ ዝግጁነት ሊሠለጥኑ ሄደዋል፤ ተወካይ አልተዉም። አምቡላንሱም ሠልጣኞቹን ይዞ ወጥቷል። በዚያው ሳምንት ለበላይ አካል የተላከው ሪፖርት የጤና ጣቢያውን ዝግጁነት «እጅግ ከፍተኛ» ይለዋል።

ተረኛዋ ነርስ ያላትን ሰጠች፤ ፓራሲታሞል።

«ካልተሻላቸው ረቡዕ መልሰሽ አምጫቸው፤ ቁልፉ ይመጣል» አለቻት።

ወይዘሮ መሰለች ማክሰኞ ቀትር ላይ አረፉ።

ናሙና የወሰደ ስለሌለ የገደላቸው ሕመም ስም የለውም። ለቀስተኛው ሦስት ቀን በአንድ ድንኳን ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ፣ ቤተልሔምን እያቀፈ አጽናና። ሟችን ማን እንዳስታመመ ለመጠየቅ የመጣ ባለሙያ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ቤተልሔምን ትኩሳት ያዛት። ጎረቤቷ ወይዘሮ ሐና ነጠላዋን አቀበሏት።

«ተነሺ የኔ ልጅ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«እዚያማ ሄደን ነበር» አለች ቤተልሔም፤ ተመልሳም ተኛች።